የአያትን የድንጋይ ቤት ሳያፈርሱ ለወራሾች እንዴት መክፈል ይቻላል

የአያቴ ቤት ለአራት ወራሾች በደረሰ ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በገመድ ለክታችሁ መሐሉ ላይ ግንብ አቁሙበት» ብለው ነበር። ገመዱን ስንዘረጋ የወደቀው አዳራሹ መካከል፣ ደርቡን ከተሸከመው ምሰሶ ሥር ነው። ያን ቀን ሥራውን ማቆማችን ቤቱን አተረፈው። ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው ገጠር እንዲህ ያለ ቤት የወረሱ ቤተሰቦች ስላሉ፣ እኛ ያለፍንበትን መንገድ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

መጀመሪያ፦ ቤቱ ራሱ የት ላይ እንደተከፈለ ይፈልጉ

አሮጌ ቤት ብዙውን ጊዜ በአንድ ዘመን ተሠርቶ አያልቅም። እልፍኙ ይቀድማል፣ ልጅ ሲዳር ጎን ይጨመርለታል፣ እህል ሲበዛ ጓዳ የነበረው ጎተራ ይሆናል። ይህን ታሪክ ከግድግዳው ማንበብ ይቻላል። ሁለት ግድግዳዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ቆመው ድንጋዮቹን ይመልከቱ። የአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ገብቶ ከተሳሰረ ሁለቱ አብረው የተገነቡ ናቸው። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር ካዩ ግን አንደኛው በኋላ የተለጠፈ ነው። ቤትን ለመክፈል ከዚህ መስመር የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ቀጥሎ በየበሩ የግድግዳውን ውፍረት ይለኩ። በእኛ ቤት የውጭው ግድግዳ 70 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጓዳውን የሚለየው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ስንፍቀው ጭቃ የተመረገ እንጨት ነበር። ከዚያ ቀና ብለው የደርቡ ወራጆች፣ ማለትም ደርቡን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች፣ ጫፍ የት እንደሚያርፍ ይዩ። ወራጅ ያረፈበትን ግድግዳ ሁሉ በንድፍዎ ላይ በቀይ ያቅልሙ። ቀይ የሆነው አይነካም። ንድፉ በባለ አራት ማዕዘን ደብተር ላይ በእርሳስ ቢሠራም ይበቃል፤ እያንዳንዱን ግድግዳ ግን ከሥራው በፊት ፎቶ ያንሱት።

ቢቻል አንድ ክረምት ይታገሡ። በሐምሌና በነሐሴ የሚያፈስሰው ጥግ፣ ርጥበት የሚወጣበት የግድግዳ እግር፣ በበጋ ፈጽሞ አይታወቅም።

ፈቃድ

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅድሚያ ፈቃድ የጥገና ሥራ አይጀመርም። ካልተመዘገበም ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። ንድፉንና ፎቶዎቹን ይዘው ይሂዱ።

ላይና ታች ሳይሆን ጎን ለጎን ይክፈሉ

ብዙ ወንድማማቾች «አንተ ደርቡን፣ እኔ ምድር ቤቱን» ብለው ይስማማሉ። እኔ ይህን አከፋፈል አጥብቄ እቃወማለሁ። የታችኛው ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፣ የላይኛው ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጣሪያው ሲያፈስስ ወጪው የማን እንደሆነ ክርክር ይነሣል። እያንዳንዱ ወራሽ ከመሬት እስከ ጣሪያ የራሱ ድርሻ፣ የራሱ በርና የራሱ ደረጃ ቢኖረው ሰላም ነው።

አዳራሹን ግን አይክፈሉት። ለቅሶ የሚቀመጡት፣ ተዝካር የሚያወጡት፣ ማኅበር የሚጠጡት እዚያ ነው። አራት ጠባብ ክፍል ከሆነ በኋላ መልሶ አዳራሽ አይሆንም። ድርሻው የጠበበበት ወራሽ ካለ በግቢው ውስጥ ትንሽ ቤት ይጨመርለት። ፋሲል ግቢን የጎበኘ ሰው ይህንኑ ያያል፤ ከአፄ ፋሲል በኋላ የነገሡት የእርሳቸውን ግንብ አልሸነሸኑትም። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍታቸውን፣ አፄ ኢያሱ ቀዳማዊና አፄ በካፋ የየራሳቸውን ግንብ በዚያው 900 ሜትር በሚሆን አጥር ውስጥ ጎን ለጎን አቆሙ።

አዲስ በር ሲያስፈልግ

ደህናውን ግድግዳ አይብሱ። መስኮት ይምረጡና ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ብቻ አውርደው በር ያድርጉት። ከመስኮቱ በላይ ያለውን ክብደት የሚቀበለው ጉበኑ ነው፤ ክብደቱን ወደ ግራና ቀኝ ስለሚያስተላልፈው ከመስኮቱ ሥር ያለው ድንጋይ ብዙ ሸክም የለበትም። ስፋቱን ግን አንዲት ጣት እንኳ አይጨምሩ፤ የጉበኑን ማረፊያ መብላት ይሆናል። ሥራው እስኪያልቅ ጉበኑን በጠንካራ እንጨት ይደግፉ።

የሚዘጋ የድሮ በር ካለ መቃኑንና ጉበኑን ሳይነቅሉ፣ ከግድግዳው ፊት አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ አድርገው በድንጋይና በጭቃ ይሙሉት። የልጅ ልጅ ሊከፍተው ቢፈልግ ቦታውን ያገኘዋል።

መለያው ግድግዳ ቀላል ይሁን

በደርብ ላይ ድንጋይ አይገነባም። 4 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ተኩል ቁመትና 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ 8 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ይህን የሚችል ወራጅ በአያቶቻችን ቤት የለም። ቀጥ ያለ ወይራ ወይም ባሕር ዛፍ አቁመው፣ ማገር አስረው፣ ጭድ የገባበት የተቦካ ጭቃ ይምረጉበት። ግድግዳው ኮርኒስ ላይ አይቁም፤ እስከ ጣሪያው ይድረስ። በአንዱ ቤት የተነሣ እሳት በኮርኒሱ በላይ ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው በዚያ ክፍተት ነው።

ሲሚንቶን ከአሮጌው ግድግዳ ያርቁ

እዚህ ላይ የሠራነውን ስሕተት ልናገር። የአንዱን ክፍል የግድግዳ እግር በሲሚንቶ አስለሰንነው፤ ለዓይን ያምር ነበር። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ ተነፋ፣ ከጀርባው ያለው ጭቃ እንደ ገንፎ ለሰለሰ። ከመሬት የሚወጣው ርጥበት በጭቃና በኖራ በኩል ተንፍሶ ይወጣል፤ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ያስቀረዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ፋሲል ግቢ ውስጥ በሲሚንቶና በአርማታ የተጠገኑ ቦታዎችም በኋላ በኖራ መተካት አስፈልጓቸዋል።

በጭቃ የተገነባውን በጭቃና በጭድ ለስነው በላዩ ኖራ ይቀቡ። በኖራ ለተገነባው 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ ያዋሕዱ። የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይንዎን ይጠብቁ፣ ልጆችን ያርቁ። ወቅቱ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው በጋ ነው፤ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ያልብሱት።

ውሃ፣ ጭስና ምስጥ

መጸዳጃና መታጠቢያ ከአሮጌው ግድግዳ ርቀው በጓሮ ይሠሩ። አሸንዳ ያስገቡ፤ ውሃውንም ከቤቱ መሠረት የሚያርቅ ቦይ ይቆፈር። ምድጃው ከቤት ሲወጣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ለዘመናት ወራጁን ከነቀዝ የጠበቀው ጭሱ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ የወራጆቹን ጫፍ በቢላ ጫፍ እየወጉ ይመርምሩ።

ውሉ

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹን ይሰብስቡ። አንዱ ይክፈል፣ ሌላው ይምረጥ፣ ካልሆነም ዕጣ ይጣል። ስምምነቱ በቃል አይቅር፤ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይደነግጋል። በውሉ ውስጥ ጣሪያውን፣ አሸንዳውንና መለያውን ግድግዳ ማን በምን ያህል ድርሻ እንደሚያድስ ይጻፍ። የአዳራሹ ቁልፍ የማን ቤት እንደሚቀመጥም ይጻፍ፤ የእኛ ታላቅ እኅታችን ዘንድ ነው።