የፈርኒቸር ወርክሾፕ አየር ሲበከል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሽታ ሲበዛ አብዛኛው ወርክሾፕ መጀመሪያ የሚገዛው ቬንቲሌተር ነው። ቬንቲሌተር ሠራተኛውን ያሳርፋል፤ ትነቱን ግን ወደ ጎረቤት ከመላክ በቀር አያጠፋውም። ስለዚህ ከምንጩ እንጀምር።

የቀለም ክፍሉ ዓይን ያቃጥላል፤ የቲነሩ ሽታ ውጭ ድረስ ይሰማል

ለመርጨት በተቀጠነ የናይትሮሴሉሎስ ላከር (በቲነር የሚቀጥን የእንጨት ማስዋቢያ ቅብ) ውስጥ እንጨቱ ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከሩብ አይበልጥም። የቀረው ቶሉይንና ዛይሊንን የመሰለ ማሟሚያ ነው፤ ይተናል። ውጭ ወጥቶም ከተሽከርካሪና ከፋብሪካ ጭስ ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲገናኝ፣ ሳንባ የሚጎዳውን ኦዞን ይፈጥራል።

ሁለተኛው ጥፋት ከመርጫው ይመጣል። በተለመደው ከፍተኛ ግፊት ሲረጭ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ላከር እንጨቱ ላይ ሳያርፍ ጉም ሆኖ ይቀራል። ኤችቪኤልፒ የሚባለው ዝቅተኛ ግፊት መርጫ 65 በመቶ ያህሉን ያሳርፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የዚህ መርጫ ወሰን የሆነው 10 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የሚለካው አየሩ ከመርጫው አፍ ሲወጣ እንጂ ኮምፕረሰሩ ጌጅ ላይ አይደለም። ጌጁን 10 ላይ አድርጎ «አይረጭም» ብሎ መርጫውን መመለስ አያስፈልግም፤ መግቢያው ላይ ስንት እንደሚፈልግ መመሪያው ይናገራል። አረጫጨቱም ይታይ። ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ክንድን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርጎ መሄድ ነው። የእጅ አንጓ ብቻ ከተወዛወዘ ዳርና ዳሩ ላይ ላከሩ አየር ላይ ይባክናል።

ዋናው መፍትሄ በውሃ የሚቀጥን ላከር ነው። ማሟሚያ ጨርሶ የለውም ማለት አይደለም፤ ግን በጣም ያነሰ ነው። «እንጨቱን ያሻክራል» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው። እንጨቱን አስቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ ማበስና ሲደርቅ በ320 የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት ይበቃዋል። ማድረቂያው ደግሞ ከሙቀት ይልቅ የሚንቀሳቀስ አየር ነው።

ፊልተር ተገጥሟል፤ ሽታው ግን አልጠፋም

የወረቀት ፊልተር የሚይዘው ጠብታ ነው። ትነትን የሚይዘው አክቲቭ ካርቦን የሚባለው ልዩ ከሰል ሲሆን፣ እሱም ሲሞላ ካልተቀየረ ዋጋ የለውም። መርጫ ሲታጠብ ቲነሩን አየር ላይ መርጨት ይቅር፤ ጣሳውም ይከደን።

ቀለም ያልነካው አዲስ ቁምሳጥን ሲከፈት ዓይን ያስለቅሳል

ጣውላው ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ የተጨመቀ ጣውላ) ከሆነ፣ ከዩሪያ ሙጫው የሚወጣ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ያባብሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ሲገዛ ቢያንስ የኢ1 ደረጃ (ይህ ጋዝ የሚወጣበት መጠን የተገደበ) ያለው ይመረጥ። ጠርዝ ከገጹ ይልቅ ብዙ ያስተነፍሳል፤ ስለዚህ የማይታየው የጀርባ ጠርዝም ይለበጥ።

ማታ የተጠረገው ወለል ጠዋት አቧራ ለብሷል

ደቃቁ ብናኝ ሌሊቱን አየር ላይ ቆይቶ ያረፈ ነው። በመጥረጊያና በኮምፕረሰር አየር ማጽዳት መልሶ ያስነሳዋል። የእንጨት ብናኝም ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ከማሽኑ አፍ ላይ ይመጠጥ፤ በቱቦው ውስጥ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ካልሮጠ ሰጋቱራው መንገድ ላይ ይዘቅጣል። መምጠጫው ከደከመ ሞተር ከመቀየር በፊት ወደማይሠሩት ማሽኖች የሚሄደው ቱቦ መዝጊያ ተከፍቶ እንደሆነ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ነው።

የኤምዲኤፍና የቀለም ነክ ቁርጥራጭ ለማገዶ አይሰጥ፤ ሙጫውና ላከሩ አብረው ይጨሳሉ።