በሮም ትራቶሪያ እንዴት ይበላል?

ሮም ውስጥ ምግብ የሚሸጥባቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ በሦስት ስም ይጠራሉ፤ ሪስቶራንቴ፣ ኦስቴሪያ እና ትራቶሪያ። ሪስቶራንቴ ሥርዓት የበዛበት፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ቤት ሲሆን፣ ኦስቴሪያ በጥንቱ ጊዜ ወይን ጠጅ የሚሸጥበትና እንግዳው ስንቁን ይዞ የሚመጣበት ስፍራ ነበር። ትራቶሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው፣ ወንበሮቹ የተጠጋጉበት፣ ጠረጴዛው ወረቀት የተነጠፈበት፣ የምግብ ዝርዝሩም አጭር የሆነ ቤት ነው። ዛሬ ስሞቹ እየተደበላለቁ ስለመጡ በበሩ ላይ የተጻፈውን ብቻ አይመኑ። ፎቶግራፍ የታተመበት በአምስት ቋንቋ የተጻፈ ዝርዝር ከተሰቀለበትና አስተናጋጁ መንገደኛውን እየጠራ ከሚያስገባበት ቤት ይልቅ፣ የዕለቱ ምግብ በእጅ ተጽፎ የተለጠፈበት ቤት ይሻላል።

ስመ ጥር በሆኑት ቤቶች ወንበር ማግኘት ቀላል አይደለም። በቴስታቾ ሰፈር ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ፌሊቼ፣ በትራስቴቬሬ ደግሞ ዳ ኤንዞ አል 29 ገበያቸው ሁልጊዜ የደራ ነው። ስለዚህ ቤቱ ቦታ አስቀድሞ የሚይዝ ከሆነ ከቀናት በፊት ይደውሉ፤ የማይዝ ከሆነ ደግሞ በሩ ከመከፈቱ በፊት ደርሰው ይሰለፉ። ሰዓት ሲነጋገሩ የአቆጣጠራችን ልዩነት እንዳያሳስትዎ ይጠንቀቁ፤ እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት የምንለውን እነሱ 20 ሰዓት ይሉታል። ምሳ ከቀኑ 6፡30 ገደማ እስከ 8፡30 ወይም 9 ሰዓት ይቀርባል፤ ከዚያ ወጥ ቤቱ ይዘጋና እራት ከምሽቱ 1፡30 አካባቢ ይጀምራል። የከተማው ሰው ለእራት የሚመጣው ዘግየት ብሎ ስለሆነ፣ ቦታ ሳይዙ የመጡ እንደሆነ በመክፈቻው ሰዓት መድረስ ዕድልዎን ያሰፋል። በኦገስት አጋማሽ፣ በተለይ ኦገስት 15 በሚውለው የፌራጎስቶ በዓል ዙሪያ፣ ብዙዎቹ ቤቶች ለሳምንታት ይዘጋሉ።

ከተቀመጡ በኋላ የሚቀርብልዎ ዝርዝር በተራ የተከፈለ ነው፤ አንቲፓስቶ መክፈቻው፣ ፕሪሞ ፓስታው ወይም ሾርባው፣ ሴኮንዶ ሥጋው ወይም ዓሣው፣ ኮንቶርኖ አትክልቱ፣ ዶልቼ ደግሞ ጣፋጩ ነው። ሴኮንዶ ያዘዘ ሰው ሳህኑ ላይ ሥጋ ብቻ ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም፤ አትክልቱ ለብቻው ይታዘዛል፣ ለብቻውም ይከፈልበታል። አምስቱንም ማዘዝ ግዴታ አይደለም። በእኔ ግምት ለሁለት ሰው አንድ አንቲፓስቶ ተካፍሎ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ፕሪሞ አዝዞ፣ ከዚያ አንድ ሴኮንዶና አንድ ኮንቶርኖ በጋራ መብላት በቂ ነው። እዚያ ሰው ሁሉ በየራሱ ሳህን ስለሚበላ፣ በአንድ ገበታ መቁረስ ለለመድነው ለእኛ ነገሩ ትንሽ ቢያስቸግርም፣ ለመካፈል ተጨማሪ ሳህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

የሮም ፕሪሞ ስሙን ያገኘው በአራት ፓስታዎች ሲሆን፣ አራቱም እርስ በርሳቸው ዘመዳሞች ናቸው። ካቾ ኤ ፔፔ፣ ፔኮሪኖ በተባለው የበግ ወተት ፎርማጆና በቁንዶ በርበሬ ብቻ፣ ፓስታው በተቀቀለበት ውኃ ተለውሶ የሚሠራ ነው። በዚህ ላይ ጓንቻሌ፣ ማለትም በጨውና በቅመም ታሽቶ የደረቀ የአሳማ ጉንጭ ሥጋ ሲጨመርበት ግሪቻ ይሆናል፤ ግሪቻው ላይ ቲማቲም ሲገባበት አማትሪቻና፣ እንቁላል ሲገባበት ደግሞ ካርቦናራ ይባላል። ካርቦናራ ውስጥ ክሬም አይገባም፤ ልስላሴውን የሚሰጠው በፓስታው ትኩሳት ብቻ የበሰለው እንቁላል ነው። እንግዲህ የአሳማ ሥጋ የማይበላ አንባቢ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ከአራቱ ያለ ሥጋት ሊያዝዘው የሚችለው ካቾ ኤ ፔፔን ብቻ ነው ማለት ነው። ጓንቻሌ በሌላም ቦታ ይደበቃል፤ በአትክልት ወጥ ውስጥ፣ በባቄላ ውስጥ፣ በበሬ ሥጋ መረቅ ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል፣ የምግቡ ስም ሥጋ የለውም ብለው አይዘናጉ። «ሴንሳ ማያሌ» ማለትም «ያለ አሳማ» የሚለውን ሐረግ ከማዘዝዎ በፊት ይናገሩ፤ አስተናጋጁ ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆ ቢመለስ መልካም ምልክት ነው።

ፓስታው ሲቀርብ ለአዲስ አበባ ሰው ያልበሰለ ሊመስለው ይችላል። እኛ በሱጎ አልፈስፍሰን የምንበላው ፓስታ እነሱ ዘንድ ከልክ በላይ የበሰለ ነው፤ እነሱ መሐሉ ለጥርስ ትንሽ ጠንከር እንዲል አድርገው ያወጡታል። መልሱልኝ ከማለትዎ በፊት ሁለት ሦስት ጉርሻ ይሞክሩት። በሹካ ይጠቅልሉት እንጂ በቢላዋ አይቁረጡት። ሳህኑ ላይ የቀረውን ሱጎ በዳቦ ጠርጎ መብላት፣ እነሱ ስካርፔታ የሚሉት፣ በትራቶሪያ የተወደደ ነገር ነው፤ የእንጀራን ፍትፍት የሚያውቅ እጅ ይህን ለመማር አስተማሪ አያሻውም።

የቴስታቾ ሰፈር ለሥጋ ወዳጆች ልዩ ቦታ አለው። እዚያ የነበረው የከተማው ቄራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተከፍቶ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ሠርቷል፤ መልካሙ ብልት ለባለጠጎች ሲሄድ፣ ጭራው፣ ጨጓራውና አንጀቱ በሠራተኞቹና በሰፈሩ ሕዝብ እጅ ይቀር ነበር። ይህ የተረፈ ሥጋ «አምስተኛው ሩብ» ይባላል፤ ከእርሱ የተሠሩት ምግቦችም ዛሬ የሮም መታወቂያ ሆነዋል። ከቄራው ፊት ለፊት፣ ከሮማውያን ዘመን የሸክላ ስብርባሪ በተከመረው ኮረብታ ሥር ያለው ኬኪኖ ዳል 1887 ከስሙ እንደሚታየው ዕድሜ ጠገብ ነው። ትሪፓ አላ ሮማና ማለት በቲማቲም የበሰለ፣ ፔኮሪኖና ናና የተነሰነሰበት ጨጓራ ሲሆን፣ በሮም ልማድ የቅዳሜ ምግብ ነው። ዱለት የሚወድ ሰው ከዚህ ምግብ ጋር ቶሎ ይግባባል ብዬ አምናለሁ። ኮዳ አላ ቫቺናራ ደግሞ ከሴሌሪና ከቲማቲም ጋር ለሰዓታት የተቀቀለ የበሬ ጭራ ነው፤ እዚህም ጓንቻሌ ሊገባበት ስለሚችል መጠየቅ ይገባል። ቀለል ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው «አባኪዮ አ ስኮታዲቶ» ይዘዝ፤ ይህ በፍም የተጠበሰ የጠቦት ጎድን ሲሆን፣ ስሙ «ጣት የሚፈጅ» ማለት ስለሆነ በእጅ ይዘው ቢበሉት የሚታዘብዎ የለም።

ጿሚው አንባቢ ትራቶሪያ ለእኔ አይሆንም ብሎ እንዳያልፍ ጥቂት ልጨምር። በሮም ልማድ ዓርብ የዓሣና የሽምብራ ቀን ስለሆነ፣ በብዙ ቤት ፓስታ ኤ ቼቺ የሚባለው፣ ሽምብራ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል የበሰለበት ወፍራም ሾርባ የሚገኘው እኛም በምንጾምበት ዓርብ ቀን ነው፤ አንቾቪ የተባለው ትንሽ ዓሣ እንዳይገባበት ግን ይጠይቁ። ፔኔ አላራቢያታ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ መሰል በርበሬ የሚሠራ ሲሆን፣ ፎርማጆ እንዳይነሰነስበት ከተናገሩ የጾም ነው። ፌቱቺኔን የመሰለ ትኩስ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ በእንቁላል ይቦካል፤ ስለዚህ በጾም ቀን ደረቁን ፓስታ ይምረጡ። ቺኮሪያ ሪፓሳታ ተቀቅሎ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተመታ መራራ ቅጠል ነው፤ የጾም ጎመናችን የቅርብ ዘመድ ልንለው እንችላለን። ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን ካርቾፎ ነው። ይህ እሾህ መሰል አትክልት በሮም የሚደርሰው ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። «አላ ሮማና» የተባለው በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በናና ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ «አላ ጁዲያ» የተባለው ደግሞ የሮም አይሁድ ያወረሱት ሲሆን፣ ሙሉውን በዘይት ተጠብሶ እንደ አበባ ተከፍቶ ይቀርባል። ሁለተኛውን ለመብላት ወደ ቀድሞው የአይሁድ ሰፈር መሄድ ይገባል፤ እዚያ ያሉት ኮሸር፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሕግ የሚጠብቁ፣ ምግብ ቤቶች አሳማን በፍጹም ስለማያስገቡ፣ የጓንቻሌ ጭንቀትም እዚያው ያበቃል።

ለመጠጥ ውኃውን ጋዝ ያለውን ወይም የሌለውን ብለው ይዘዙ። ወይን የሚጠጣ ሰው የቤቱን ወይን በሩብ ወይም በግማሽ ሊትር ማሠሮ ማዘዝ ይችላል፤ ነጩ ብዙ ጊዜ ከከተማዋ አጠገብ ካሉት የካስቴሊ ሮማኒ ኮረብታዎች የመጣ ነው፤ ከጠርሙሱ ርካሽ ሆኖ ከምግቡ ጋር ይስማማል።

ቡና የሚመጣው ከጣፋጩ በኋላ እንጂ አብሮ አይደለም፤ ከምግብ በኋላ ካፑቺኖ የሚያዝዝ ሮማዊ ግን አያገኙም። እኛ ማኪያቶ የምንለው ወተት የበዛበት ቡና እዚያ በዚያው ስም ቢጠየቅ፣ በትንሽ ሲኒ ጥቂት አረፋ የተነካ ጥቁር ቡና ሆኖ ይመጣል። «ላቴ» ካሉ ደግሞ ወተት ብቻ ይቀርብልዎታል።

አስተናጋጁ ሒሳቡን ሳይጠየቅ አያመጣም፤ እንግዳን ማባረር ስለሚመስል ነው። ስለዚህ ሲጨርሱ «ኢል ኮንቶ፣ ፔር ፋቮሬ» ይበሉ። ሒሳቡ ላይ «ፓኔ» የሚል መስመር ካዩ የዳቦው ዋጋ ነው፤ በሌላው የጣሊያን ክፍል «ኮፔርቶ» የሚባለው የመቀመጫ ክፍያ ሮም ባለችበት በላሲዮ ክልል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ስለተከለከለ፣ ብዙዎቹ ቤቶች ዳቦውን ያስከፍላሉ። ዳቦ ካልፈለጉ ሲቀርብልዎ ይመልሱት፤ ከነኩት በኋላ መከራከር አያዋጣም። «ሰርቪሲዮ» የሚል ከተጻፈ የአገልግሎት ክፍያው ተካትቷል ማለት ስለሆነ ሌላ ጉርሻ አያስፈልግም፤ ካልተጻፈም ጥቂት ዩሮ ጠረጴዛው ላይ መተው ይበቃል። ገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ ከከፈሉ በኋላ ሕጋዊውን ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ።