ፋይል ማውረጃ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ፋይል ማስወረድ ቀላል ሥራ ይመስላል። «እኔ ጋ ክሮም ላይ ይሠራል» የሚል ጀማሪ ሲመጣ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ።

ዋናው ጣጣ የአማርኛ ስም ነው። ሰርቨሩ ለብራውዘሩ «ይህን አውርደው፣ ስሙ ይህ ነው» የሚለው ኮንተንት-ዲስፖዚሽን በሚባለው ሄደር (ከፋይሉ ቀድሞ በሚላክ የመረጃ መስመር) ነው። ሰው እዚያ ላይ ፋይልኔም (የፋይል ስም) ብሎ «የደመወዝ ዝርዝር»ን በቀጥታ በፊደል ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ዕድል ነው። አንዱ ብራውዘር ገምቶ ያስተካክለዋል፣ ሌላው የተዘበራረቀ ላቲን ያወጣል። ሰርቨሩ የተጻፈበት ኖድጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያሠራው) ከሆነማ ገና ሄደሩን ሲያየው ኤረር ሰጥቶ ይቆማል። ጀማሪው ምን ያደርጋል? የሁሉንም ስም «ዳውንሎድ» ብሎ ይገላገላል! የሂሳብ ሠራተኛዋ ታዲያ የትኛው የጥር፣ የትኛው የየካቲት እንደሆነ እየከፈተች ትፈልግ።

ኧረ ተዉ! መፍትሔው ከ2011 ጀምሮ አርኤፍሲ 6266 በሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለት ስም ስጡ። አንዱ ተራው ፋይልኔም ነው፤ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ሌላው ፋይልኔም ከነኮከቡ (filename*) ነው፤ ዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይር ሥርዓት) መሆኑ ተጠቅሶ፣ አማርኛው ወደ ፐርሰንት ኮድ (እያንዳንዱ ባይት በ% ምልክትና በሁለት አኃዝ ወደሚጻፍበት) ተቀይሮ ይገባል። ኮከቡን የማያውቁት፣ እንደ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ያሉት የድሮ ብራውዘሮች፣ በተራው ስም ያልፋሉ። ይህን ሁሉ በእጅ አትገጣጥሙት። ድረ ገጽ መሥሪያ ከሆኑት የጃንጎ ፋይልሪስፖንስም የኤክስፕረስ ዳውንሎድም ይሠሩላችኋል።

ስሙ መሃል ክፍተት ካለ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። አለዚያ ፋየርፎክስ ክፍተቱ ጋ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ኤክስቴንሽኑም (መጨረሻው ላይ ያለው .pdf ዓይነቱ) አብሮ ይሄዳል።

ርዝመትም አለ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ላይ የተለመደው የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት ኤክስት4 ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። 85 ፊደል ማለት ነው። የደብዳቤውን «ጉዳዩ፦» እንዳለ የፋይል ስም ለሚያደርግ መሥሪያ ቤት አይበቃም።

ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ የሠንጠረዥ ፋይል) ስታስወርዱ መጀመሪያው ላይ ቦም (BOM፣ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚነግሩ 3 ባይቶች) አስገቡ። አንድ ደንበኛ «ፋይላችሁ ቫይረስ አለበት» ብለው ደውለው ነበር። ቫይረስ የለም፤ ኤክሴል አማርኛውን ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ሳያውቅ ከፍቶት ነው። ዚፕ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ምንም መጨመር የለበትም። የፒኤችፒ ኮዳችሁ መጨረሻ ላይ የቀረች አንዲት ባዶ መስመር ከፋይሉ ጋር ተቀላቅላ ልታበላሸው ትችላለች።

ሊንክ ላይ «ክፈተው ሳይሆን አውርደው» የሚለው የኤችቲኤምኤሉ ዳውንሎድ አትሪቢዩት ፋይሉ ሌላ ዶሜን ላይ ካለ አይሠራም። ሄደሩን እዚያው ሰርቨር ላይ አስተካክሉ።

ከተጠቃሚ የመጣን የፋይል ስም ሳታጣሩ ከፎልደር መንገድ ጋር መቀጠል ስህተት ብቻ አይደለም፣ በር ከፍቶ መተኛት ነው። ሁለት ነጥብና አንድ ስላሽ (../፣ «ወደ ላይኛው ፎልደር ውጣ» ማለት) የፓስወርድ ፋይላችሁ ድረስ ይወስዳሉ።

የሬንጅ ጥያቄንም (ብራውዘሩ የፋይሉን ከፊል ብቻ የሚጠይቅበትን) አትርሱ። ሰው በሞባይል ፓኬጅ ትልቅ ቪዲዮ እያወረደ ኔትወርክ መጨረሻው ላይ ይቋረጣል። ሰርቨራችሁ 206 («ከፊሉን እየላክሁ ነው» የሚል የመልስ ቁጥር) ብሎ ከቆመበት ካልቀጠለለት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፣ ፓኬጁም እዚያው ያልቃል።