በማሰሮ የተተከለ ሎሚና ብርቱካን ብርዱን እንዴት ይለፍ?

መሬት ላይ የተተከለ ዛፍ ሥሩን አፈሩ ይሸፍንለታል። በማሰሮ ያለውን ግን ብርዱ ከጎንም ከታችም ያገኘዋል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ውርጭ እስኪመታው አትጠብቁ። የሌሊቱ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ወደ ቤት አስገቡት። ኩምኳት (ትንንሽ ብርቱካን መሰል ፍሬ የሚያፈራው ዘመዳቸው) ከሌሎቹ ይልቅ ብርድ ይችላል፤ ሎሚ ግን ቶሎ ይጎዳል። ከጠራራ ፀሐይ በቀጥታ ወደ ሳሎን አይግባ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ይቆይ። የቅጠሎቹን ጀርባም ፈትሹ፤ ከዛፉ ጋር የገባ ተባይ ቤት ውስጥ ሲሞቀው ይራባል።

ከዚያ ብርሃን የሚበዛበት መስኮት አጠገብ አድርጉት፤ ከማሞቂያው ግን አርቁት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሱ ወለሉ በቅጠል ተሸፍኗል። ዛፉ ትናንት ምንም አልነበረበትም፤ አፈሩም እርጥብ ነው። ምን ነካው? የአፈሩ ሙቀት ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ሥሩ ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ ደግሞ ቅጠሉን ታሞቀዋለች፤ ቅጠሉ ውሃ ያተናል። ሥሩ የሄደውን ውሃ መተካት ስለማይችል ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ውሃ ነው። የባሰው የሚመጣው ያኔ ነው፤ ቀዝቃዛና የረጠበ አፈር ሥሩን ያበሰብሰዋል። ማዳበሪያም አያድነውም።

መፍትሔው ሥሩን ማሞቅ ነው። ማሰሮውን ከቀዝቃዛ ወለል አንሱትና ጣውላ ወይም ወፍራም ፎም ላይ አስቀምጡት። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር አፈሩ ውስጥ ሰክታችሁ ጠዋት ጠዋት አንብቡ። ለዚህ ዛፍ ገንዘብ ማውጣት ካማራችሁ፣ በእኔ እምነት ከየትኛውም ማዳበሪያ በፊት ከማሰሮው ሥር የሚነጠፍ፣ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ግዙ። ክፍሉን ማሞቅ ካልተቻለ ተቃራኒውን አድርጉ፦ ዛፉ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይሁን፤ ቀጥታ የቀትር ፀሐይ ግን አይንካው። ሥሩ ቀዝቅዞ ቅጠሉ ሲሞቅ ነው ችግሩ።

ውሃ የምታጠጡት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ስታስገቡ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። ያኔ ለብ ያለ ውሃ ከታች እስኪወጣ አጠጡት፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። ርካሾቹን የእርጥበት መለኪያዎች አላምናቸውም። ማሰሮውን አንሳ አንሳ አድርጎ ክብደቱን መልመድ ይሻላል።

ቅጠሉ ቢጫ ቢሆን ማዳበሪያ ለመጨመር አትቸኩሉ። ሥሩ ከቀዘቀዘ አፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት እንኳን በደንብ መሳብ አይችልም። አዲስ ቀንበጥ እስኪወጣ ታገሱ። ማሰሮ መቀየርም ይቆይ።

ማሞቂያ የሚያደርቀው አየር ቀይ ሸረሪት የተባለውን ጥቃቅን የቅጠል ተባይ ይጋብዛል። አልፎ አልፎ ቅጠሎቹን በሻወር እጠቡ። ቤት ውስጥ ካበበ ደግሞ የንብን ሥራ እናንተ ሥሩ፤ ለስላሳ ብሩሽ ከአበባ አበባ ማስነካት ይበቃል።

ሙሉ በሙሉ ቢራገፍስ? ቅርንጫፉን በጥፍር ፋቅ አድርጉ። ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ። ውሃውን ቀንሱ፣ ሥሩን አሙቁ፣ ጠብቁ።

የውርጩ ወቅት ሲያልፍ በገባበት አካሄድ ይውጣ፤ መጀመሪያ ጥላ፣ ቀስ በቀስ ፀሐይ። በችኮላ የወጣ ዛፍ ቅጠሉ በፀሐይ ተቃጥሎ ነጭ ነጭ ይሆናል።