ጅማ ገጠር ላይ ጭቃ ቤት ልትሠሩ ነው? አያቴ ያሳየኝን ልንገራችሁ

አያቴ በእኛ ቀበሌ መጀመሪያ ቆርቆሮ ቤት የሠራ ሰው ነው። ከእሱ በፊት ሁሉም ሣር ቤት ነበር። ቡናውን ተከለ፣ ቤቱን ሠራ፣ ከዚያ የጎረቤቱንም ሁሉ እየዞረ ሠራ። እስከ ዛሬ እዚያው ቤት ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ስለሆነ ሠራተኛ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ጥር ላይ ጀምሩ። ያኔ መሬቱ ደርቋል፣ ደቦ ብትጠሩም ሰው ይመጣላችኋል። ግን አትዘናጉ። የጅማ ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም፣ መጋቢት ላይ ይመጣል።

ረግረግ አጠገብ አትሥሩ። ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ፈልጉና ከላይ በኩል የጎርፍ ቦይ ቆፍሩ።

እንጨቱ ላይ ጊዜ ስጡ። የእኛ አካባቢ ዋናው ጠላት ምስጥ ነው። ድሮ ጥቁር እንጨትና ዋንዛ እንደ ልብ ይገኝ ነበር፤ ዛሬ አገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ ስለማይቆረጥ ባሕር ዛፍ ነው ያለን። ልጡን ላጡት፣ ጥላ ሥር አድርቁት። የሚቀበረውን ጫፍ ላዩ ከሰል እስኪመስል እሳት ላይ አገላብጡት። አያቴ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር፤ እያንዳንዱን ቋሚ በጥፍሩ ፍቆ ነጭ ካየ መልሶ እሳት ላይ ይጥለዋል። ከክንድ በላይ ቅበሩት፣ ዙሪያውን በድንጋይ ጠቅጥቁት።

ከዚያ በቋሚዎቹ ላይ አግድም ማገር ምቱ። ማገሩ ካለቀ በኋላ ጭቃ አይደለም የሚቀጥለው፣ ጣሪያ ነው! እኔና ወንድሜ አንድ ዓመት ቆርቆሮ እስክንገዛ ብለን ምርጊቱን አስቀደምን። አንድ ሌሊት ዘነበና ጠዋት ስንነሳ ግድግዳው ወርዶ ማገሩ ብቻ ቆሟል። የሁለት ሳምንት ድካም ነበር። ቆርቆሮውን ስትመቱ ሚስማሩ ከፍ ባለው ሞገድ ላይ ይሁን፣ ውኃ በሚወርድበት ላይ አይሁን። ጠርዙ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ይውጣ። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሂዱና በረንዳውን እዩት። የእንጨትና የጭቃ ሥራ ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል፤ ዝናብ ግድግዳ እንዳይነካ ማድረግ ማለት ምን እንደሆነ እዚያ ይገባችኋል።

አሁን ጭቃው። አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር ቀላቅላችሁ በውኃ አርሱትና አንድ ሳምንት ይብላላ። መሽተት አለበት፣ ሽታው ሲመጣ ጭዱ ለስልሷል ማለት ነው። በየቀኑ በእግር ይረገጥ። ከዚያ ቡጢ የሚያክል ድቡልቡል ሠርታችሁ ከደረታችሁ ከፍታ መሬት ላይ ጣሉት። ከተበታተነ አሸዋ በዝቶበታል፣ እንደ ቂጣ ከተንጣለለ ውኃ በዝቶበታል፣ ትንሽ ጠፍጠፍ ብሎ ሳይሰነጠቅ ከቀረ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ አትደንግጡ። ሦስት አራት ሳምንት ተዉትና ስንጥቁን በሁለተኛው ዙር ሙሉት። ለመጨረሻው ልስን የላመ አፈር፣ እበትና አመድ ቀላቅላችሁ በእጃችሁ አስተካክሉት። የአያቴ ጣቶች አሻራ ከጓዳው በር ጎን እስካሁን ይታያል።

ክረምት ሁሌም የግድግዳውን እግር ይበላል። እኛ በየዓመቱ ቡናው ከተለቀመ በኋላ ያን አንድ ስንዝር እንደገና እንለስነዋለን፣ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው።