ከአንድ ስህተት የሚጀምር ተግባራዊ ምርምር

«የተማሪዎች የሒሳብ ውጤት ዝቅተኛ መሆን» ለተግባራዊ ምርምር፣ ማለትም መምህሩ የራሱን ክፍል ችግር መፍትሔ እየሞከረ ለሚያጠናበት ሥራ፣ ርዕስ ለመሆን አይበቃም። ሰፊ ስለሆነ ወላጅን ወደ መውቀስና የመጽሐፍ እጥረትን ወደ መቁጠር ይወስዳል፤ እነዚህን ደግሞ መምህሩ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አያስተካክላቸውም። ሐዋሳ ውስጥ 5ኛ ክፍል ሒሳብ የምታስተምሩ ከሆነ ደብተር ሰብስባችሁ የሚደጋገም አንድ ስህተት ፈልጉ። 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት የሚደምር ልጅ አይጠፋም። ይህን ስህተት ያዙ።

ምንም ሳትቀይሩ መጀመሪያ ለኩ። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ምንም ያህል ቢለፋ ለውጥ መምጣቱን ማሳየት አይችልም። 5 ጥያቄ ለ10 ደቂቃ ስጡ፤ ከነጥቡ ይልቅ የተሳሳቱበትን መንገድ መዝግቡ። ከዚያ ከተሳሳቱት 6 ያህሉን ለየብቻ ጠርታችሁ «እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ» በሏቸው። ከሥራው ሁሉ ይህን የሚተካ የለም። አንዱ ሕጉን ረስቶ ነው፤ ሌላው ግን 3 ከ2 ስለሚበልጥ 1/3ም ከ1/2 ይበልጣል ብሎ ያምናል። የሁለቱ መፍትሔ አንድ አይደለም።

አንድ ዘዴ ብቻ ቀይሩ፤ የቡድን ሥራና አዲስ መርጃ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ካስገባችሁ የትኛው እንደሠራ አይለይም። 12 ሴንቲሜትር የወረቀት ቁራጭ ይበቃል። ግማሹ 6፣ ሲሶው 4፣ ሲቀጣጠሉ 10፤ ይህም ከ12ቱ ሴንቲሜትር 5/6ኛው ነው። 2/5 ግን 4.8 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ከግማሹም ያንሳል። ተደምሮ እንዴት ያንሳል? ልጁ ራሱ ሲጠይቅ ስህተቱ መነቃነቅ ጀምሯል።

ለ3 ሳምንት ቀጥሉ። ከየክፍለ ጊዜው በኋላ በዚያው ቀን 3 መስመር ጻፉ፤ ሳምንት ካደረ ትዝታ ያስውበዋል። አንድ ባልደረባ ገብቶ ይታዘብ። ከዚያ ቁጥሩ የተለየ፣ ክብደቱ ግን እኩል የሆነ ፈተና ስጡ፤ ከ2 ሳምንት በኋላ ድገሙት፣ ትኩሱ ውጤት ብዙ ጊዜ ይበርዳልና።

ለውጥ ካልመጣ ሳትሸፍኑ ጻፉት፤ የሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን በ1946 እ.ኤ.አ. ተግባራዊ ምርምርን የገለጸው በማቀድ፣ በመተግበርና ውጤቱን በማጣራት እየተሽከረከረ ወደፊት እንደሚሄድ ዑደት ነው። ኅዳር ላይ ከተጀመረ አንዱ ዙር ከጥር ፈተና በፊት ይዘጋል። ግንቦት ላይ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ተብሎ የሚጻፈው ግን ልጆቹን አይደርስላቸውም። በሪፖርቱ ላይ የተማሪ ስም አይግባ፤ ተማሪ 01፣ ተማሪ 02 እያላችሁ መዝግቡ።