የጣቢያው ስም አይሸውዳችሁ

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጣቢያውን ካርታ ላይ ፈልጉት። የከተማውን ስም ይዞ ከከተማው ራቅ ያለ ጣቢያ ብዙ ነው፣ በተለይ የፈጣን ባቡር። ስፔን ውስጥ ሴጎቪያ ጊዮማር የሚባለው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው ያለው።

ከባቡሩ ሰዓት ይልቅ የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት አጣሩ። እንዲህ ያለ ቦታ አውቶቡሱ ብዙውን ጊዜ ባቡሩ በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነሳል። ስለዚህ ቡናው፣ ፎቶው ምናምኑ ይቆይላችሁ፤ መጀመሪያ አውቶቡሱን ያዙ። ካመለጣችሁ ቀጣዩን ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ ነው።

የምትደርሱት አምሽታችሁ ከሆነ ታክሲ ቀድማችሁ እዘዙ። በር ላይ ተደርድሮ ይጠብቀናል ብላችሁ አትመኑ። ካልሆነም ገና ባቡሩ ውስጥ እያላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ወደ ከተማ ነህ?» በሉት። ሂሳብ ትካፈላላችሁ፤ አንዳንዱማ በመኪና የሚቀበለው ሰው አለው። እኔ ሁለቴ ተርፌበታለሁ።

ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ አውርዱት። ኔትወርክ እዚያ አይታመንም።

መሀል ከተማ ድረስ የሚገባ ዘገምተኛ ባቡር ካለ ግን፣ ሻንጣ ሲበዛብኝ እሱን እመርጣለሁ።